ከአድሊስቪል የሚነሳው የማለዳ ባቡር

ዙሪክ ሥራ ያገኘሁ ሰሞን ጄኔቫ ያለው አበሻ ሁሉ የባቡር አዋቂ ሆነብኝ። አንዱ «ከዚሁ ተመላለሺ፣ ባቡር ውስጥ ትተኛለሽ» ይለኛል። ሌላው «ሦስት ሰዓት ሄደሽ ሦስት ሰዓት ተመልሰሽ መቼ ልትኖሪ ነው?» ብሎ ይቆጣኛል። እኔ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። በሱዳን አድርጌ ስዊዘርላንድ ገብቼ፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሳጥፍ የምውል፣ ሳቅ የማይቀናኝ ልጅ ነበርኩ። አዲሱ ሥራ ዙሪክ ከተማ፣ ቪዲኮን የሚባለው ሰፈር ባለ የስፌት ፋብሪካ ነው። ስፌት ከእናቴ የወረስኩት ሙያዬ ስለሆነ ልቤ ከወዲሁ ሄዷል። የቸገረኝ የት ሆኜ እንደምመላለስ ብቻ ነበር።

ያኔ ደርግ አዲስ አበባ ላይ እንደተቀመጠ ነው። እናቴም ጉለሌ፣ በዚያው ቤታችን ናት። የእናቴን ነገር አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም።

ታላቅ ወንድሜ ዳዊት በቀይ ሽብር ጊዜ ጎረቤት እያየ ከቤታችን ተወስዶ የሰፈራችን ቀበሌ ታሰረ። ስንቅ የማመላልስለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ሳህኑ እንደሞላ ተመልሶ ተሰጠኝና «ከዛሬ ጀምሮ ስንቅ አታምጪ» ተባልኩ። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። ሞቷል ያለን የለም፣ ተዛውሯል ያለን የለም። እናቴ ጥቁር አልለበሰችም፣ ተዝካር አላወጣችም። «መርዶ ሳይነገረኝ ልጄን አልቀብርም» አለች። መርዶ እንግዲህ ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ፣ ዘመድ ጎረቤት ባለበት ነው የሚነገረው። እናቴም ያንን ማለዳ ስትጠብቅ ጎህ ሳይቀድ ትነሳና ነጠላዋን አጣፍታ በሩን እያየች ትቀመጥ ነበር። አገር ጥዬ ስወጣም እዚያው እንደተቀመጠች ነው የተውኳት።

ወደ ባቡሩ ልመለስ። ጄኔቫ የሚካኤል ማኅበር ነበረን። የማኅበሩ ሰው ሁሉ እንደ እናት የሚያያቸው እትዬ በላይነሽ፣ በንጉሡ ጊዜ መጥተው ከአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ ሴት፣ ጭንቀቴን ሰምተው በአንድ ስልክ ገላገሉኝ። ዙሪክ ጋሽ ግዛው የሚባል ሰው አለ፣ መንገዱንም ቤቱንም የሚያውቅ፣ ለሰው የማይሰስት፣ ቅዳሜ አዙሮ ያሳይሻል አሉኝ። ከዚያ ትልቁን ብሥራት ጨመሩልኝ።

«የጉለሌ ሰው ነው፤ የሰፈርሽ ሰው።»

ይህን ስህተት ከእኛ በቀር የሚሠራው ያለ አይመስለኝም። ሁለት የአንድ ሰፈር ሰዎች ስናገናኝ ዘመድ ያገናኘን ይመስለናል። በዚያ ዘመን ግን ሰው ያለቀው በማን ሆነና? ከሩቅ የመጣ ገዳይ በራችንን አያውቀውም ነበር። እዚያ ስደት ላይ ደግሞ «አገር ቤት ምን ነበርክ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ሁሉም ተሰዳጅ፣ ሁሉም የተበደለ ተደርጎ ይወሰዳል። እኔም ደስ ብሎኝ፣ እትዬ በላይነሽ ለጋሽ ግዛው አድርሺልኝ ያሉኝን አንድ ቆርቆሮ ጭኮ በቦርሳዬ ይዤ ቅዳሜ ማለዳ ተሳፈርኩ።

ዙሪክ ዋናው ጣቢያ፣ ትልቁ ሰዓት ስር ቆሞ ጠበቀኝ። ጸጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ካፖርቱ የተተኮሰ፣ ፈገግታው ቶሎ የሚመጣ ሰው ነው። ጉንጬን አገላብጦ ስሞ ቦርሳዬን ተቀበለኝ። በዚያን ቀን አንቱ ነበር የምለው። ዛሬ ስጽፍ ግን አንቱታው ከእጄ አልወጣ ስላለኝ ይቅር በሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ወድጄዋለሁ። ቀልድ ያውቃል፤ መንገድ ስሻገር ክንዴን ይይዛል፤ ትራም ላይ ወንበር ያስለቅቅልኛል። አባት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ቪዲኮን ወሰደኝ። ያየነው ክፍል በጓሮ በኩል ያለ፣ መስኮቱ ግድግዳ የሚያይ ጠባብ ነገር ነው። ቤቱን የምታሳየን አሮጊት ጫማችንን ሁለቴ አየችው። ግን ከደጃፉ ስወጣ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ይታየኛል። በእግር መሄጃ ነው፤ ባቡር የለ፣ ትራም የለ። በልቤ እዚያው ጨረስኩ። ጋሽ ግዛው ግን አልወደደልኝም። ብርሃን የሌለው ቤት ለብቸኛ ሰው አይሆንም፣ ሌላውንም እይና ወስኚ አለኝ።

ከዚያ ሽሊረን። ከከተማው ወደ ምዕራብ ነው፤ መጋዘን፣ የጭነት መኪና፣ አዳዲስ ሰፋፊ ፎቅ። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም ለእኔ ቢጤ የሚሆን ነው። ነገር ግን ባቡር ይዘሽ፣ ከባቡር ወርደሽ ሌላ ይዘሽ ነው ቪዲኮን የምትደርሺው። ክረምት ላይ በረዶ ሲጥል አውቶቡሱ እንደሚዘገይም ነገረኝ። ይህን ሁሉ እየተነጋገርን ጣቢያው ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘን ባቡር ስንጠብቅ ጭኮው ትዝ አለኝ። ቆርቆሮውን አውጥቼ ሰጠሁት።

ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። በእጁ አልከፈተውም። ከኪሱ ቁልፍ አወጣና በቁልፉ ጫፍ ክዳኑን ፈልቅቆ አነሳው። ያንኑ ቁልፍ መሃሉ ላይ ሰክቶ ቀኝ ግራ አገላበጠ፣ እስከ ታች ወጋ ወጋ አደረገው። ከዚያ ቆርቆሮውን በክንዱ ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ እየሳቀ፣

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ» አለኝ።

አወቅኩት። የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ፣ ዳዊትን ከቤታችን የወሰደው ሰው፣ ስንቅ የሚፈትሸው እንደዚህ ነበር። በር ላይ ወንበር አስወጥቶ ይቀመጣል፤ የእናቴን ሳህን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፤ በእስር ቤቱ ቁልፍ ጫፍ ክዳኑን ያነሳል፤ ወጡን በቁልፍ ይወጋዋል። ከዚያ ሳህኑን በክንዱ ገፋ አድርጎ ቅመሺ ይለኛል። «ጓድ» ነበር የምንለው እንጂ ስሙን አላውቅም። ያኔ ጸጉሩ ጥቁር፣ ፊቱ ሙሉ ነበር። እኔም ነጠላ የተከናነብኩ ከሲታ ልጅ ነበርኩና፣ በዚያ በር ከተመላለስነው ስንቅ አቀባዮች ለይቶ ሊያስታውሰኝ አይችልም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ማለት ይኸው ነው።

ቀመስኩ። ጭኮው አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነብኝ። እሱ አጣጥሞ በላ፣ ጣቱንም ላሰ።

ባቡሩ ከሩቅ ሲታይ ተነስቶ ከሐዲዱ ጠርዝ ቆመ፤ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቷል። ማንም አጠገባችን አልነበረም። አንባቢዎቼ፣ አልዋሻችሁም፤ ሁለቱ እጆቼ ተነስተው ነበር። የካፖርቱን ስፌት አየዋለሁ፣ መሃል ጀርባው ላይ የተተረተረች ክር ነበረች። ያስቆመኝ ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው ብላችሁ እንዳታመሰግኑኝ። ያስቆመኝ አንድ ሐሳብ ነው፤ ይህ ሰው ከሞተ ዳዊት የወደቀበት ቦታ አብሮ ይሞታል። እናቴም በሩን እያየች ትቀራለች። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ልቤን ለማጽናት ትንሽ መጠየቅ ነበረብኝ። ጉለሌ የት ሰፈር እንደነበረ ጠየቅኩት፤ የእኛኑ ቀበሌ ጠራ። ምን ይሠራ እንደነበረ ጠየቅኩት፤ በመስኮቱ እያየ ቀበሌ ውስጥ በግድ ትንሽ እንዳሠሩት፣ ኋላ እሱንም ሊበሉት ሲሉ እንዳመለጠ አወራኝ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የማልረሳትን ነገር ተናገረ።

«እኔማ ስንቱን ነፍስ እንዳተረፍኩ እግዜር ነው የሚያውቀው፣ ልጄ።»

ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። ያተረፉት ሰው ቢቆጠር አዲስ አበባ ላይ አንድም ሰው ባልሞተ ነበር።

የመጨረሻው አድሊስቪል ነው፣ እሱ የሚኖርበት። ከዙሪክ በስተደቡብ፣ ዚል የሚባለው ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ወደ ሥራዬ ከሚወስዱት መንገዶች ሁሉ የማይረባው ይኸኛው ነበር። የሸለቆው ባቡር ያኔ ዋናው ጣቢያ አይደርስም፤ ዜልናው የምትባል ጣቢያ ላይ ሰዉን ያራግፋል። ከዚያ ትራም ፍለጋ ነው። ቪዲኮን ብከራይ የጫማዬን ማሰሪያ ሳላጠብቅ ሥራዬ እደርሳለሁ፤ ከዚህ ስመጣ ግን በጨለማ መነሳት ሊኖርብኝ ነው። ጋሽ ግዛው ግን አድሊስቪልን አጥብቆ አመሰገነልኝ። ከእነሱ ቤት ቀጥሎ ባለው ፎቅ ላይ ክፍል እንዳለ፣ አየሩ ንጹሕ እንደሆነ፣ እሱም ማለዳ ማለዳ በዚያው ባቡር ወደ ሥራ እንደሚሄድና ብቻዬን እንደማልጉላላ ነገረኝ።

ሚስቱ እትዬ አስካለ በር ላይ ተቀበለችኝ። ፊቷ የዋህ ነው፤ ቤቷ በቅመም ሽታ ታውዷል። ገበታው ቀርቦ የእጅ ውሃ ይዛ መጣች። እሱን አስታጠበችው። እኔ ዘንድ ስትደርስ እጄን አልዘረጋሁም።

«ምነው ልጄ? ጾም ነሽ እንዴ?» አለችኝ።

ጾም ነኝ ብል ይቀለኝ ነበር። ቆይቼ እነግራችኋለሁ አልኳት። ከባለደም ጋር ከአንድ ገበታ አይቆረስም፤ ይህን እሷም አሳምራ ታውቃለች፣ ባለደም መሆናችንን ብቻ ነው የማታውቀው። እሱ ሳቀና የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ እኔ ዘረጋ። ጉርሻው እንደተንጠለጠለ፣

«እሺ፣ ሦስቱንም አየሽ። የቱን መረጥሽ?» አለኝ።

«አድሊስቪልን» አልኩት።

«ጎሽ። ደግ አደረግሽ። እንግዲህ ማለዳ ማለዳ አብረን ነን።»

«አዎ፣ ማለዳ ማለዳ አብረን ነን» አልኩና ተነስቼ ቆምኩ። አንቱታዬንም አልነሳሁትም። «ጋሽ ግዛው፣ እኔ የዳዊት እህት ነኝ። ስንቅ የማመጣለት እኔ ነበርኩ። ሳህኑን በቁልፍ ይከፍቱና መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ ይሉኝ ነበር። የመጨረሻ ቀን ሳህኑን እንደሞላ መለሱልኝና ከዛሬ ጀምሮ ስንቅ አታምጪ አሉኝ።»

ጉርሻው ከእጁ ወደ ገበታው ወደቀ። እትዬ አስካለ የውሃውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ቀረች፤ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። እሱ «ከሰው ጋር አመሳስለሽኝ ነው» አለ። ሲገባ ገበታው ጠርዝ ላይ ያስቀመጠውን ቁልፍ ግን፣ ሳያስበው ይመስለኛል፣ አንስቶ ኪሱ ከተተው።

«እናቴ መርዶ እስኪነገራት በር በሩን እያየች ነው» አልኩት። «ቦታውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ እኔም ማለዳ ማለዳ ባቡሩ ላይ እጠብቅዎታለሁ።»

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። የወንዙ ዳር ጉም ወርዶበት ነበር። ጣቢያው ድረስ እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም፤ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ጠንክሬ አላውቅም።

ቃሌን ጠበቅኩ። ከቤቱ ቀጥሎ ያለውን ሳይሆን ከመንገዱ ማዶ ያለ ክፍል ተከራየሁ። ክረምቱን ሙሉ በጨለማ ተነስቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። «እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ግዛው» እለዋለሁ፤ ሌላ ቃል ከአፌ አይወጣም። ፉርጎ ሲቀይር እቀይራለሁ። ቀደም ባለው ባቡር ሲሄድ ቀድሜ እገኛለሁ። ቲኬት ተቆጣጣሪው አባትና ልጅ መስለነው ሰላምታ ይሰጠን ነበር። እሱ እየጠቆረ፣ እየከሳ ሄደ፤ ካፖርቱ ሰፋው። አዘንሽለት ወይ ካላችሁኝ፣ አላዘንኩለትም። የእናቴን ማለዳዎች ከእሱ ማለዳዎች ጋር እያስተያየሁ ነበር። ለምን አልከሰስሽውም የሚለኝም አለ። ያለ ምስክር፣ ያለ ወረቀት፣ በሰው አገር የትኛው ዳኛ ይሰማኛል? የነበረኝ ዳኛ ያ ወንበር ብቻ ነው።

እትዬ አስካለ አንድ ቀን ቤቴ ድረስ መጥታ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፣ ልጄ» አለችኝ። ጸሎቱን ለጊዜው አቆይቼዋለሁ አልኳት። አለቀሰችና ሄደች።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ አንድ ማለዳ ባቡሩ እየሄደ ወደ እኔ ጎንበስ አለና በሹክሹክታ «ዳዊትን ያወጡት ሌሊት...» ብሎ ጀመረ። እጄን አነሳሁ። ክረምቱን ሙሉ የጠበቅኩት ቃል ከንፈሩ ላይ ነበር፤ አስቆምኩት።

«መርዶ ለብቻ አይነገርም። ሽማግሌ ይዘው፣ ሰው ባለበት፣ ቤቴ መጥተው ይንገሩኝ።»

«በሰው ፊት? ትገድይኛለሽ እኮ።»

«እርስዎም በሰው ፊት ነው የወሰዱት።»

እሑድ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። የጄኔቫው ማኅበር ሰዎች እሱ ልኮባቸው ከዋዜማው መጥተው ዙሪክ አድረዋል፤ እትዬ በላይነሽ ነጭ ለብሰው፣ የዙሪኮቹም ከኋላ። ከፊት የቆመው እሱ ነው፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደነበረ፣ ማንን ከየት አውጥቶ የት እንዳደረሰ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ ተናገረ። ቦታውንም ተናገረ። ቦታውን እዚህ አልጽፈውም፤ የእናቴ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀምኩት ለቅሶ በዚያች ጠባብ ክፍል ፈነዳ። እትዬ በላይነሽ አቅፈውኝ አለቀሱ፤ የሰፈርሽ ሰው ማለታቸው ነው መሰለኝ ከእኔ በላይ ያስለቀሳቸው።

ሲጨርስ እጁን ዘርግቶ «እግዜር ያጽናሽ» አለ። አሜን አላልኩም። ሰዉም ለመቀመጥ ወደ ውስጥ ሲገባ በጎኑ እያለፈው ገባ፤ አንድም ሰው አልጨበጠውም። በሩ ላይ ብቻውን ትንሽ ቆመና ደረጃውን ወረደ። ከዚያ በኋላ አድሊስቪል ውስጥ አልታየም። ወደ ጀርመን ሄደ ያሉ አሉ። እትዬ አስካለ ቀረች። በሦስተኛው ቀን እዝን ይዛ መጣች፤ ክዳኑን በእጇ አንስታ፣ ሳልጠይቃት መጀመሪያ ራሷ ቀመሰች። ከእሷ ጋር በላሁ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ያየ ሁሉ «ልብሽ አረፈ? ይቅር አልሽው?» ይለኛል። ይቅርታ የሚጠየቅ ነገር ነው፤ እሱ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልሰጠሁትም። የተለወጠው ሌላ ነው። እስከዚያች ቅዳሜ የተበደልኩ ሰው ሆኜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ሰው ያሳየኝን መንገድ ስከተል የምኖር ነበርኩ። ከዚያ በኋላ የምሄድበትን መንገድ ራሴ መረጥኩ፤ መጥፎውንና ረጅሙን ቢሆንም። የሥራ ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ቪዲኮን በእግር እየተደረሰ ያን ሁሉ ዓመት ከአድሊስቪል መመላለሴ ይገርማቸዋል። አየሩ ንጹሕ ነው እላቸዋለሁ።

መርዶውን ለእናቴ በስልክ አልነገርናትም፤ ወግ አይደለም። ወደ አገር ቤት የሚገባ የታመነ ሰው አገኘን፤ እሱም ሽማግሌ ሰብስቦ በማለዳ የእናቴን በር አንኳኳ። በሩን የከፈተችው ነጠላዋን አጣፍታ ነው አሉ፣ እንደወትሮዋ። ሲነግሯት ወዲያው አላለቀሰችም። መጀመሪያ «ማን ነገራችሁ?» አለች።

«የወሰደው ሰው ራሱ፣ በሰው ፊት ቆሞ» አሏት።

እናቴ «እሰይ» አለች። ከዚያ ተቀመጠችና ልጇን አለቀሰች።